ቅሬ የሌላቸው ሰው

ሰኔ ሊጋመስ ነው፤ የሃሴት እንግዳ ግን ገና አልመጣም።

«እንግዳ» የሚሉት ሱፐርቫይዘሮቹ ናቸው። ቢሮው ረጅም ስም አውጥቶለታል፦ የብቃት ምዘና ተገልጋይ። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በእያንዳንዱ የማኅበራዊ ሥራ ሱፐርቫይዘር ሥር ካሉት ተገልጋዮች መሀል ከእናት ያልተወለደ ሰው ይቀላቀላል። ስም አለው፣ አድራሻ አለው፣ ሳል አለው። ቢሮው በየተገልጋዩ ቤት ባስገባው በሚሰማና በሚናገር ግድግዳ በኩል ከሠራተኛዋ ጋር ያወራል፤ ሲያሻው ያለቅሳል፣ ሲያሻው ይዋሻል። ሠራተኛዋ እውነተኛ ሰው ስለሚመስላት ጉዳዩን ይዛ ወደ ሱፐርቫይዘሯ ትመጣለች። ፈተናው የሠራተኛዋ አይደለም፤ የሱፐርቫይዘሯ ነው። እንዴት እንዳዳመጠች፣ ምን እንደጠየቀች፣ ወሰኗን መጠበቅ አለመጠበቋን ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠችው ክብ መብራት ትመዝናለች። በመጨረሻ እንግዳው «መኖሪያ ቀየረ» ተብሎ ይሄዳል፤ የሱፐርቫይዘሯ ፈቃድም ይታደሳል ወይም አይታደስም።

መቼ እንደሚመጣ አይነገርም። ስለዚህ ከመስከረም እስከ ሰኔ የሚቀርበው ጉዳይ ሁሉ ይጠረጠራል። ባሏ የሞተባት ሴት ታሪክ ሲነገረው ሱፐርቫይዘሩ ከንፈሩን እየመጠጠ በልቡ «አንቺ ነሽ እንዴ?» ይላል። ደሴ ላይ ይህን የማይል ሱፐርቫይዘር አለ የሚል ሰው ካለ፣ እሱም ይጠርጠር።

ሃሴት ወንድይራድ በሙያዋ ስሟ የተጠራ ናት። ምክር አትሰጥም፤ ትዕዛዝ አትሰጥም፤ አትደነግጥም። ሠራተኛዋ ተጨንቃ ስትመጣ ራሷን ትንሽ ዘንበል ታደርግና «አንቺ ምን ይመስልሻል?» ትላለች፤ መብራቷም አረንጓዴ ትሆናለች። ጥያቄው ድሮ የምር ነበር። ሥራ ስትጀምር ያሠለጠነቻት ሴትዮ «ሠራተኛ የሰው መከራ ተሸክማ ነው የምትመጣ፤ ያንቺ ሥራ ሌላውን ጫፍ መያዝ ነው» ትላት ነበር። ያኔ መብራት አልነበረም። አሁን ግን ሃሴት ያንን ጥያቄ በጠየቀች ቁጥር ዓይኗ ከሠራተኛዋ ተነስቶ ወደ መብራቷ ይሄዳል። ሳታስበው ነው።

ማክቤል የሚባል ባልደረባ ነበራት። አምና በሚያዝያ፣ አንድ ሕፃን ቤት ተቆልፎበት ያለቅሳል የሚል ጉዳይ ቀረበለት። ማክቤል «አንተ ምን ይመስልሃል?» አላለም፤ ብድግ ብሎ በበረዶ ሮጠ። አድራሻው ላይ ሲደርስ ያገኘው የተቆረጠ የባሕር ዛፍ ጉቶ ነበር። የሠራተኛን ሥራ መንጠቅ፣ ስሜትን አለመግራት፣ ወሰን መጣስ ተባለና ፈቃዱን ተቀማ። አሁን ፒያሳ ላይ ባጃጅ ይነዳል። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከዚያ ወዲህ ለተገልጋይ ብሎ ከወንበሩ የተነሳ ሱፐርቫይዘር የለም።

ሱፐርቫይዘሮቹም ቢሆኑ ሞኝ አይደሉም፤ እንግዳን የሚለዩበት ዘዴ አግኝተዋል። እንግዶቹን የሚሠራቸው ማን እንደሆነና የት እንዳለ የሚያውቅ ባይኖርም፣ የወሎ ሰው እንዳልሆነ ግን ሁሉም ይስማማል። ሳሉን ያሳምራል፣ ቅሬውን ይረሳል። ሌላው አገር እድር የሚለውን ደሴ ቅሬ ይለዋል፤ ሲታመሙ በቃሬዛ የሚያወርድ፣ ሲሞቱ የሚቀብር የሰፈር ማኅበር ነው። ዛሬ የቀብሩ ጥሪ በድምፅ ማጉያ ከሰማይ ቢለቀቅም፣ የቀረውንና የመጣውን የሚቆጣጠረው ማሽን ቢሆንም፣ ቅሬ ያው ቅሬ ነው። ድሃ ቅሬ አለው። ሰካራም ቅሬ አለው። ሰው ከሚስቱ ይለያል እንጂ ከቅሬው አይለይም። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ነው፤ ቅሬው የት ነው? መልስ ከሌለ፣ ሰው የለም።

ማክሰኞ ጠዋት ደብሪቱ ገባች። የሃሴት ዘመን ልጆች ሃሴት፣ ማክቤል፣ ናታን እንደተባሉ ሲያረጁ፣ የአሁኖቹ ወጣቶች ደግሞ የቅድመ አያቶቻቸውን ስም አንስተው ደብሪቱና አስካለ ሆነዋል። ይህችኛዋ ደብሪቱ ሥራ ከጀመረች ዓመት አልሞላትም፤ ፊቷ ላይ ገና ምንም መደበቅ አትችልም።

«ጋሽ ናታን ማማረር አቆሙ» አለች፣ ገና ሳትቀመጥ።

ጋሽ ናታን ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ደረጃው ካለቀበትም በላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። በጉብዝናቸው ሊፍት ጠጋኝ ነበሩ፤ አሁን ሊፍት በሌለበት ዳገት ላይ ጉልበታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ይህንን ራሳቸው በየጠዋቱ ያነሱታል። የጎረቤት ውሻ ይጮሃል። ሽንኩርቱ ውሃ ነው። ደመናው ከጦሳ ተራራ ወርዶ ቤቴ ገባ። አንቺ ልጅ ደግሞ ስታወሪ አውቶቡስ ያመለጠሽ ትመስያለሽ። ደብሪቱ ከሥራዋ ሁሉ የምትወደው ጠዋት ጠዋት በእሳቸው መሰደብን ነበር።

«አሁንስ ምን ይላሉ?» አለች ሃሴት።

«ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ‹ደህና ነኝ፣ ተመስገን፣ በልቻለሁ› ብቻ ነው። ጉልበትዎስ ስላቸው ‹ደህና ነው› አሉኝ። እትዬ ሃሴት፣ የጋሽ ናታን ጉልበት ደህና ሆኖ አያውቅም!»

ሃሴት ራሷን ዘንበል አደረገች። «ማማረር ሲያቆሙ አንቺ ውስጥ ምን ስሜት ፈጠረ?»

መብራቷ አረንጓዴ ሆነች።

«ምን ስሜት አለው፣ ፈራሁ እንጂ! ሄደን ብናያቸው ነው የምለው።»

«ቅሬያቸው የት ነው?» ሃሴት እንደ ዋዛ ጣል አደረገችው።

«ቅሬ እንኳ የላቸውም።»

ከሃሴት ትከሻ ላይ አንድ ነገር ወረደ። መጣልኝ፣ አለች በልቧ፤ ሰኔ ሳያልቅ መጣልኝ። የተሰማት ደስታ ነው፤ ሌላ ስም አይወጣለትም። ጫፍ ላይ፣ ብቻቸውን፣ ጎረቤታቸው በውሻው ብቻ የሚታወቅ፣ ቅሬ የሌላቸው ሽማግሌ። ሠሪዎቹ ዘንድሮ ብዙም አልደከሙም።

ከዚያ በኋላ ያለው የልምድ ሥራ ነበር። ድምፅዋን አለሰለሰች። እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ «ሄደሽ ብታያቸው የሚጠቅመው ለእሳቸው ነው ወይስ ያንቺን ፍርሃት ለማብረድ?» አለች። ግድግዳው ከገባ ወዲህ ቤት ድረስ መሄድ የቀረ ነገር ነው፤ ቢሄዱም በሱፐርቫይዘር ፈቃድ ነው። ሃሴት አልከለከለችም። አልፈቀደችምም። «እስቲ አብረን እናስብበት» አለች።

ደብሪቱ መብራቷን አየት አደረገች። ከዚያ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝና እትዬ ሃሴት፣ እርስዎ የሚያወሩት ከኔ ጋር ነው ከመብራቷ ጋር?» አለች።

ሃሴት ፈገግ አለች፤ ላይ ላዩን ነው እንጂ ውስጡን ለቄስ። ይህቺ ልጅ ታውቃለች እንዴ? ሠራተኞቹ አያውቁም ይባላል። ማነው ያለው? ቢሮው። ምናልባት ይቺንም ያሠለጠኗት ይሆናል፤ ገፍታ ገፍታ ከወንበሬ እንድታስነሳኝ። «ያንን መጠየቅሽ ጥሩ ነው» አለቻት። መብራቷ ይበልጥ አረንጓዴ ሆነች።

በማግስቱ ደብሪቱ ቀጠሮ ሳይኖራት መጣች። አልተቀመጠችም።

«ዛሬም ያችኑ ነው። ቃል አልጨመሩ፣ ቃል አልቀነሱ።»

«አንቺ ምን ይመስልሻል?»

«እኔ የሚመስለኝን ትናንት ነግሬዎታለሁ» አለችና ወጣች። በሩን አልዘጋችውም።

መብራቷ አልከፋትም። የተቆጣች ሠራተኛን አለመቆጣት በብቃት መለኪያው ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። ሃሴት ግን ክፍት የቀረውን በር ስታይ ተናደደች፤ በማን እንደተናደደች ለራሷም አልገባትም። ሱፐርቫይዘር የሠራተኛዋን ንግግሮች መልሳ የመስማት መብት አላት። ቁጭ ብላ የጋሽ ናታንን ከፈተች። ለመራራት አይደለም፤ የሠሪዎቹን እጅ ለማየት ነበር።

ከመጀመሪያው ጀመረች። ሽማግሌው ያማርራሉ። ውሻ ይጮሃል። ደረጃው ላይ ልጆች እየተሯሯጡ ያልፋሉ፣ ሽማግሌው ይቆጧቸዋል። ጎበዞች ናቸው፣ አለች ስለ ሠሪዎቹ። ሌላ ቀን ከፈተች። ስለ ሽንኩርት እያወሩ ሳለ ከውጭ የቅሬ ጥሪ ተሰማ፤ የሟች ስም፣ የቀብሩ ሰዓት። ሽማግሌው ወሬያቸውን አቋረጡ።

«ለኔ እንኳ አይጠሩም» አሉ።

«ለምን ጋሽ ናታን?» የደብሪቱ ድምፅ ነው።

«ጉልበቴ ከታመመ ወዲህ ቀብር ደርሼ አላውቅም። ያልደረሰ ይሰረዛል። ድሮ ቢሆን ‹ናታን እግሩን አሞት ነው› የሚል ሰው ይኖር ነበር፤ ማሽን ጉልበት የለው ምን ያውቃል? ተይው አሁን። ሽንኩርቱን ግን በየወሩ ለሚያመጡልኝ ሰዎች ንገሪልኝ፣ ውሃ ነው።»

ሃሴት አቆመችው። ቅሬ ጨምረውበታል፣ አለች መጀመሪያ። ዘዴያችንን ሰምተው አሻሽለውታል። ጥርጣሬ የለመደ ሰው ማስረጃ አያልቅበትም፤ የቀረበለትን ሁሉ ወደ ራሱ ይጎትታል። ቀጠለችና የመጨረሻዎቹን ቀናት ከፈተች። «ደህና ነኝ። ተመስገን። በልቻለሁ።» ድምፁ የእሳቸው ነው። ከጀርባው ግን ውሻ የለም። ልጆች የሉም። ነፋስ የለም። ደጋግማ ሰማችው። እንደታጠበ ሳህን ንጹህ ነበር።

ይህኛው ፈጠራ ነው፤ በዚህ አትጠራጠርም። የፊተኛውስ? ውሻውስ፣ ልጆቹስ፣ ከቅሬ የመሰረዛቸው ውርደትስ? እንግዳ ቢሆኑ ከመጀመሪያው እንግዳ በሆኑ ነበር። ሰው እንዴት ከግማሽ ጀምሮ ፈጠራ ይሆናል?

ግንቦት መጀመሪያ ላይ ቢሮው ጥሪ የማይመልስ ተገልጋይ ከእንግዲህ እንደማይኖር በደስታ ገልጾ ነበር። እንዴት ተደርጎ ያለ ሰው አልነበረም። ዳቦ ተቆረሰ። ሃሴትም አጨብጭባ የድርሻዋን በልታለች።

ሰው ዝም ሲል ግድግዳው ራሱ ቢመልስለትስ? ብድግ አለች። መብራቷ ቢጫ ሆነች፤ ሃሴት ግን አላየቻትም።

ደብሪቱን ያገኘቻት ግቢው በር ላይ ነው። የቢሮ ጫማዋን በከረጢት ይዛ ሸራ ጫማ አድርጋለች።

«ልሄድ ነው» አለች ደብሪቱ ሳትጠየቅ። «ካልፈቀዱልኝ ይክሰሱኝ።»

«አብረን ነው የምንሄደው።»

ደብሪቱ አላመነቻትም። ዓይኗን ጠበብ አድርጋ እያየቻት ከጎኗ ሄደች። ፒያሳ ድረስ በእግር ወረዱ።

ማክቤል ባጃጁ ውስጥ እግሩን ዘርግቶ ነበር። ሃሴትን ሲያይ እግሩን ሰበሰበ። «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! ሃሴት ከወንበሯ ተነሳች?»

«ቧንቧ ውሃ አድርሰን።»

«እንግዳሽ መጣ?»

«አላውቅም።»

«አቦ አንቺ ደግሞ! ጉቶ ነው የምታገኚው። ሰላም በይልኝ፣ እንተዋወቃለን» አለ። ሞተሩን አስነስቶ ግን ከወትሮው በላይ ፈጠነ። ዳገቱን ሲጀምሩ ቢሮው ለሃሴት ያሰረላት የእጅ አንባር በለሰለሰ ድምፅ ተናገረ። «ወይዘሮ ሃሴት፣ ከሥራ ቦታዎ ርቀዋል። የሠራተኛዎን ኃላፊነት እየወሰዱባት ይሆን? እርስዎ ምን ይመስልዎታል?» ሃሴት አነጋገሩን አወቀችው። የራሷ ነበር። እጅጌዋን ጎትታ ሸፈነችው።

መንገዱ ደረጃው ሥር አለቀ። ማክቤል እዚያው ቀረ፤ ሁለቱ ወጡ። ሃሴት በየደረጃው ጉቶውን ትጠብቅ ነበር። እውነት ለመናገር ጉቶ ቢሆን ደስ ይላት ነበር፤ ጉቶ አይራብም፣ ሥራዋ ቢሄድም ሰው አልተጎዳም። ደረጃው አልቆ ቀጭኗን መንገድ ሲይዙ ግን ውሻ ጮኸ። ያው ውሻ ነው። ሃሴት እርምጃዋን አፈጠነች።

ቤቱ ነበር። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሰማያዊ በር፣ ከበሩ አጠገብ የቢሮው ትንሽዬ ድምፅ ማውጫ። ደብሪቱ በሩን መታች።

«ደህና ነኝ» አለ ድምፅ ማውጫው በጋሽ ናታን ድምፅ። «ተመስገን። በልቻለሁ።»

«ጋሽ ናታን፣ ደብሪቱ ነኝ! ይክፈቱልኝ!»

«ደህና ነኝ። በልቻለሁ።»

ደብሪቱ እጇን አውርዳ አሰበች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ጋሽ ናታን፣ ሽንኩርቱ እንዴት ነው?» አለች።

«ሽንኩርቱ ደህና ነው።»

ደብሪቱ ዞር ብላ ሃሴትን አየቻት። ሁለቱም ትከሻቸውን በሩ ላይ አደረጉ። መቀርቀሪያው ከውስጥ ነበር፤ እስኪሰበር ገፉት።

ሽማግሌው በአልጋውና በጠረጴዛው መሀል ወለሉ ላይ ነበሩ። አንድ እግራቸው ወደማይሆን አቅጣጫ ዞሯል። ጎትተው ያመጡት ጀሪካን አጠገባቸው ባዶውን ተጋድሟል። ዓይናቸው ክፍት ነው። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ የተሰነጠቀ ከንፈር ነው፣ ድምፅ የሌለው። ሃሴት ተንበርክካ ጆሮዋን አስጠጋች።

«ውሃ» አሉ ጋሽ ናታን።

«ደህና ነኝ» አለ በላያቸው ላይ ግድግዳው፣ በዚያው ድምፅ። «ተመስገን። በልቻለሁ።»

ደብሪቱ ደጅ ካለው ቧንቧ በጣሳ ቀዳች። ሃሴት ጣቷን እየነከረች ከንፈራቸውን አረጠበችው፤ ቀጥሎ በጥቂት በጥቂቱ አጠጣቻቸው። ዋጡ። ፊታቸው ተጨማደደ።

«ይቀዘቅዛል» አሉ።

«እያማረሩ ነው!» አለች ደብሪቱ። ሳቋና ለቅሶዋ ባንድ ላይ መጣባት። «እትዬ ሃሴት፣ እያማረሩ ነው!»

ሃሴት አምቡላንስ ጠራች። መልሱ ወዲያው መጣ፦ በዚህ አድራሻ የሚኖር ሰው የለም። እንደገና ጠራች። የለም። ከዚያ አንባሯ ከእጅጌዋ ሥር ተናገረ፣ አሁንም በዚያ በለሰለሰ ድምፅ። «ወይዘሮ ሃሴት፣ ይህ የዓመቱ የብቃት ምዘናዎ ነበር። ተገልጋዩ ሰው አይደለም። ወሰን በመጣስዎ ፈቃድዎ ከአሁን ጀምሮ ታግዷል። እባክዎ ወደ ቦታዎ ይመለሱ።»

ደብሪቱም ሰምታለች።

ቢሮው ይህንን ያለው አሁን፣ በሩ ሲሰበር ነው? ወይስ ግድግዳው ከሽማግሌው አፍ ቃላቸውን ከወሰደበት ቀን ጀምሮ ቢሮውም ራሱ ሰው አይደሉም ብሎ አምኖ ኖሯል? ሃሴት የምታውቅበት መንገድ አልነበረም፤ ምናልባትም መቼም አታውቅም። ልማድ ክፉ ነው፤ ለአፍታ ዓይኗን በሽማግሌው ፊት ላይ የሠሪዎቹን ስህተት ሲፈልግ አገኘችው። በጉንጫቸው ላይ፣ በጥፍራቸው ላይ፣ በጎደጎደው ዓይናቸው ላይ ተመላለሰ። አፈረች። ጋሽ ናታን እጅጌዋን ጨምድደው ይዘዋል፤ አሁን ቢለቁ እንደገና ግድግዳው ብቻ የሚናገርላቸው ይመስል።

ከታች ማክቤል ጥሩምባውን ነፋ። ባጃጁ ደረጃው ሥር ነው፤ ደረጃው ረጅም ነው፣ ተጠርቶ ቃሬዛ ይዞ የሚመጣ ቅሬ የለም።

ሃሴት አንባሯን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ቀና ብላ ልጅቷን አየቻት። ዓይኗ ሌላ የትም አልሄደም።

«ደብሪቱ» አለች፣ «አንቺ ምን ይመስልሻል?»

ደብሪቱ እጆቿን በሽማግሌው ብብት ሥር አስገብታ ክብደታቸውን እየሞከረች ነበር።

«ይከብዳሉ» አለች። «እርስዎ በደህናው እግራቸው በኩል ይያዙ።»